የአልዊን የሁለት ቀን ትኬት

"ታዲያ ድመቷን ማን ያበላላችኋል?" አልኩት ጎረቤቴን አልዊንን፣ በኩሽናቸው በር ብቅ ብዬ። "ወር ሙሉ የምትቆዩ ከሆነ እኔ ጋ ትምጣ።"

"የምን ወር?" አለ ቀና ሳይል። "ሁለት ቀን ነው የምንሄደው፤ ሐሙስና ዓርብ።"

ምን ላድርግ፣ ጠረጴዛውን ያየ ሰው ደቡብ አሜሪካን በእግሩ ሊያቋርጥ ነው ይላል። ካርታው፣ የባቡር ሰዓቱ፣ አራት ቀለም እርሳስ፣ ማስመሪያው። የሚሄዱትስ የት መሰላችሁ? ሐሙስ እዚሁ ከመንደራችን በላይ ካለው የግጦሽ ተራራ። ዓርብ ደግሞ የሁለት ቀኑ ትኬት እንዳይባክን ሌላ ሸለቆ።

ነገሩ የሚስቱ የኤልስቤት ነበር። በልጅነቷ ሰባት ዓመት በየሐምሌው እዚያ ላይ ላም ስታልብ ከርማለች። በሚመጣው ሰኞ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ትሆናለች፤ ሐኪሙም ዳግመኛ ተራራ ትወጫለሽ ብሎ አፉን ሞልቶ አልነገራትም። "ከዚያ በፊት አንዴ ልየው" ብላ የለመነችው በመስከረም ነው። ሜዳ ሜዳውን ትራመዳለች፤ ቁልቁለት ግን አይሆንላትም። ስለዚህ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚያወጣና የሚያወርድ ኬብል ካር ያስፈልጋታል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ወጣች። እሷ "ያገኘኸውን ቁረጥ" ትለዋለች፤ እሱ "ይሄኛው ትኬት አውቶቡስ አይጨምርም፣ ያኛው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አያሳፍርም" እያለ ያወጣል ያወርዳል። ዛፎቹ ቢጫ ሆነው ቅጠላቸው መርገፍ ጀመረ። እሱ ገና ማስመሪያው ላይ ነው።

"አገኘሁት እኮ፣ ሬጉላ!" አለኝ አሁን፣ ደረቱን ነፍቶ። "ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ ዘጠኝ ኬብል ካር! በአንድ ትኬት! ዛሬ ጠዋት ቆረጥኩ።"

"የኛው መንደር ኬብል ካር ከዘጠኙ አንዱ ነው?"

"የመጀመሪያው!"

"እስኪ ጌታው፣ በመስኮት እየው።"

ኬብል ካሩ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ምሰሶው ላይ ተንጠልጥለው ግራሶ ይቀባሉ። በየዓመቱ በዚህ ሳምንት ለጥገና ተዘግቶ በረዶ ሲጥል ነው የሚከፈተው፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። አልዊንም ያውቃል፤ ለማስታወስ ግን ቀና ማለት ይጠይቃል።

አየ። አይቶም፣ እውነት መሆኑን ሊያጣራ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ! ዓይኑን አላመነም፤ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን በጣቱ ተከትሎ አነበበ።

"ግን ስምንቱ ይሠራሉ" አለ። "ኤልስቤት፣ ስምንቱ እኮ..."

ኤልስቤት ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። አፍንጫዋ ቀላ። ያኔ ሳቄ ከጉሮሮዬ ተመለሰ።

"ስሚኝ" አልኳት። "የባሌ ወንድም ሴፕ ነገ እዚያው ተራራ ላይ ወዳለው ጎጆው ይወጣል፤ ውርጭ ሳይመጣ የቧንቧውን ውሃ ሊያፈስ። በጫካው መንገድ፣ በጂፑ። ኋላው የሥራ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ከፊት ግን አንድ ሰው ይይዛል። ያወጣሻል፣ ያወርድሻል።"

"ስንት ሰዓት?"

"ጠዋት አንድ ሰዓት። ጭቃ ነው፣ ጠንካራ ጫማ አድርጊ።"

ተነስታ ከአግዳሚው ሥር ጫማዋን ጎተተች። አልዊን ማስመሪያውን እንደያዘ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ።

"እኔስ?" አለ።

ኤልስቤት የጫማዋን ክር እያላላች፣ "አንተማ ትኬት አለህ" አለችው።