የግራ ክንፉ

"የግራ ክንፍ!" ሮኒ ጠረጴዛውን በመዳፉ ደበደበ። "ካፒቴን፣ የግራ ክንፉን እኮ ነው የምንጠብቀው!"

ዱዌይን ሌክለር በረኛውን ጠርቷል፤ ሁለቱን ተከላካዮች ከነመንደራቸው ጠርቷል፤ የቀኝ ክንፉንም፣ መሃል ላይ የተሰለፈውን ራሱንም። እዚያ ላይ ቆመ። ሹካውን እንደያዘ በመስኮቱ ውጭ ያሉትን በረዶ የለበሱ መኪኖች ያያል። ፊቱ የቀረበለት የተጠበሰ ዓሣ ቀዝቅዟል።

ጨዋታው የራሱ ነበር። የኮሌጁ የበረዶ ሆኪ ቡድን የቀድሞ ተጫዋቾች በየክረምቱ እዚህ መጠጥ ቤት ሲገናኙ፣ ተራ የደረሰው ሰው የአንድ ዓመት አሰላለፍ በቃሉ ይጠራል። የተሳሳተ ሰው፣ ወንበር ላይ ቆሞ የኮሌጁን መዝሙር ይዘምራል፤ ሌሎቹ የድንች ጥብስ ይወረውሩበታል። ማገዝ ክልክል ነው። ደንቡን ያወጣው ዱዌይን ነው፤ ሮኒ ሚስቱን በቀበረ ሰሞን ሲሳሳት እንኳ አልማረውም።

ዴል ኮስኪ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ያያል። ዴል ሦስተኛ በረኛ ነበር። በልምምድ ላይ የዱዌይንን ምት ሁሉ በደረቱ ሲቀበል ኖሮ፣ በውድድር ቀን አንዴም በረዶው ላይ ሳይወጣ ትምህርቱን ጨረሰ። ከተቀያሪዎች አግዳሚ ወንበር ስለማይነሳ ዱዌይን "አግዳሚው" ብሎ ስም አወጣለት። በዴል ሠርግ ዕለት እንኳ፣ በሙሽራዋ ፊት፣ "ዛሬም ተቀያሪ እንዳትሆን!" ብሎ አዳራሹን አስቆበታል። ሙሽራዋ ጥላው ከሄደች ቆየች። ስሙ ግን አብሮት አረጀ።

የግራ ክንፉ ማን እንደነበር እዚያ ጠረጴዛ ላይ የማያውቅ የለም። ራስል ሌክለር ነው፤ የዱዌይን ታናሽ ወንድም። ከኮሌጅ እንደወጣ፣ በረዶ የጋገረውን ሐይቅ በመኪና ሲያቋርጥ በረዶው ከድቶት ሰምጦ ሞተ።

"እየቀለደ ነው" አለ አንዱ።

"የምን ቀልድ! ወንበር አምጡለት!" አለ ሮኒ።

"ተው እንጂ ሮኒ" አለች የዱዌይን ሚስት ማርሊስ። "ደክሞታል።"

"እኔ ሚስቴን ቀብሬ ስመጣ 'ደክሞታል' ያለልኝ ማን ነው?"

አንድ የድንች ጥብስ በርሮ የዱዌይንን ጆሮ መታው። ዱዌይን አልጠረገውም። ዓይኑ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆይቶ ዴል ላይ አረፈ።

"ዴል" አለ ቀስ ብሎ። "አግዳሚው" አላለውም። "ማን ነበር?"

ማርሊስ ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ "ንገረው" አለችው።

ዴል ቢራውን አስቀመጠ።

"እኔ ነኛ" አለ። "ረሳኸኝ እንዴ?"

"ዴል ኮስኪ!" የዱዌይን ፊት በራ። "የግራ ክንፍ፣ ዴል ኮስኪ!"

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ሮኒ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዱዌይንም ያሸነፈ መስሎት አብሯቸው ሳቀ።

"አታፍሩም?" ማርሊስ ብድግ አለች። "ዴል፣ ራስል ነው በለው። አንተው ንገረው!"

"ራስል ማነው?" አለ ዱዌይን።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሮኒ ሊወረውር በእጁ የያዘውን ድንች ሳህኑ ላይ መለሰ። ማርሊስ አፏን በእጇ ያዘች።

ዱዌይን ግን ምንም አላስተዋለም። እጁን ሰድዶ የዴልን ክንድ ያዘ። "የመጨረሻው ጨዋታ ትዝ ይልሃል? ሦስት ለሦስት ነን። ሁለት የተጋጣሚ ወጠምሾች ጥግ ላይ ከግድግዳው ጋር አጣብቀውሃል፤ አፍንጫህ ይደማል፤ የምንጫወትባትን ክብ ጎማ ግን አልለቅም አልክ። እንዳንተ ያለ ልበ ሙሉ አብሮኝ ተጫውቶ አያውቅም። ላንተ ነግሬህ አላውቅም እንጂ።"

ዴል ያንን ጨዋታ ያስታውሳል። አግዳሚው ላይ፣ ፎጣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው ያየው። የደማው የራስል አፍንጫ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከዱዌይን አፍ ይቅርና ከሌላ ሰውም ሰምቶ አያውቅም።

ማርሊስ የባሏን ካፖርት ታቅፋ ቆማለች። "ዴል፣ በፈጠረህ" አለችው። "ወንድሙን አትቀማው።"

ሁሉም የዴልን አፍ ይጠብቃሉ።

ዴል ወደ እሷ ቀና አላለም። ወንበሩን ጎተተና ወደ ዱዌይን ተጠጋ።

"ከዚያስ?" አለው። "ከዚያ ምን አደረግሁ?"