ሦስቱ ቀዮች

ሴትዮዋ እጄን ለቀም አድርገው ያዙኝ። ስለቱን በአንዱ ስላይድ፣ በካርቶን ክፈፍ በተያዘች ትንሽ የፎቶ ፊልም፣ ጠርዝ ላይ ሳሳርፍ አይተው ፎቷቸውን ልቆርጥባቸው መስሏቸው ነበር። የምቀደው ካርቶኑን ብቻ እንደሆነ፣ ካርቶኑ ስለተጣመመ ፊልሙ መሃሉ ላይ ጎብጦ ጥርት ብሎ እንደማይወጣ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ለቀቁኝና ሳቁ።

«ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲቀደድ እያየሁ ኖሬ፣ ዛሬ መቁረጫ ልፍራ?»

ይሠሩበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ያቀለሙትን ጨርቅ ሁሉ መስኮት ሥር ይዘው ፎቶ ያስነሱ ነበር። የቀለም ቅመማ ደብተራቸው ውሃ ገብቶበት ሲበላሽ የተረፉት ስላይዶቹ ብቻ ናቸው። አሁን ልጃቸው የራሷን ማቅለሚያ ቤት ከፍታለች። የመጀመሪያ ሥራዋ የአንድ ቲያትር ቤት መጋረጃ ነው፤ ድሮ እናቷ ካቀለሙት ቀይ ጋር አንድ እንዲሆን ተነግሯታል። ጨርቁ አንዴ ከተነከረ መመለሻ የለውም። ስላይዱ ደግሞ ከጨርቅ ጎን ይዘው ለማመሳከር በጣም ትንሽ ነው፤ በትልቁ እንዲታተምላቸው ወደ እኛ ፎቶ ቤት ያመጡት ለዚህ ነው።

የቀዩን ስላይድ የስቱዲዮው ባለቤት የሆነው አጎቴ ትናንት ራሱ ስካን አድርጎ አትሞታል። ህትመቱ ያምራል፤ ግን ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ምክንያቱን ገምቼ ነበር። ስካነሩን ያስተካከለው ለአዲሱ ፊልም በተሠራው ማመሳከሪያ፣ ማለትም ቀለማቸው የታወቀ ትናንሽ ካሬዎች ባሉበት ስላይድ ነው። የሴትዮዋ ፎቶ ግን በድሮው ዓይነት ፊልም የተነሳ ነው። ያ ፊልም በአዲሱ ልክ ሲነበብ ሰማያዊ ይበዛበታል። ይህን ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ። አልተናገርኩም። አጎቴ አሳድጎ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ስካነሩን ያስነካኝም ገና በዚህ ወር ነው።

የሴትዮዋ ስልክ ጠራ። ልጃቸው ናት፤ የማቅለሚያው ውሃ ፈልቷል፣ የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ ትላለች። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ሦስት ቁራጭ ጨርቆች አወጡ፤ ልጅቷ ለሙከራ በሦስት ዓይነት ቀይ ያቀለመቻቸው ናቸው። አንድ በአንድ ህትመቱ ላይ አስቀመጧቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቁራጩ ከፎቶው የማይለይ ሆነ። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ትቆይ» አልኩ።

አጎቴ ከጠረጴዛው ማዶ ቀና ብሎ አየኝ። ህትመቱ ሰማያዊ እንደበዛበት፣ በፎቶው ውስጥ ጨርቁን የያዘው የነጭ ጋዋናቸው እጅጌ ራሱ ሰማያዊ እንደሆነ በቀጭን ድምፅ ተናገርኩ። አጎቴ አልተቆጣም። ሳቅ አለ።

«ነጭ ልብስ በሰማያዊ ይለቀለቅ የለም እንዴ? እትዬ፣ ይንገሯት እስቲ።»

እውነት ነበር። የፋብሪካው ጋዋን ሁሉ ነጭነቱ እንዲደምቅ በሰማያዊ እየተለቀለቀ ይሰጣ እንደነበር ነገሩኝ። ፊቴ ጋለ። በስልኩ ውስጥ ልጅቷ «እማዬ፣ ሦስተኛው ነው?» ስትል ሰማሁ።

የቀዩን ስላይድና ማጉያ መነጽሩን አንስቼ ሰጠኋቸው። የጠረጴዛችን መብራት ስለደከመ ወደ መስኮቱ መራኋቸው።

«እጅጌውን ይተዉት። ፎቶው ላይ ያለውን ጥፍርዎን ይዩት።»

ስላይዱን ወደ ብርሃኑ ይዘው አዩ። ወደ ህትመቱ ዞሩ። እንደገና ስላይዱን አዩ።

«እዚህ የኔ እጅ ነው» አሉ ስላይዱን እያሳዩኝ። ከዚያ ህትመቱን በጣታቸው ነኩ። «ይሄኛው የሬሳ እጅ ነው።»

ልጃቸውን እሳቱን እንድትቀንስ፣ ምንም እንዳትነክር አዘዟት። አጎቴ መጥቶ ማጉያውን ተቀበላቸው። ስላይዱንም ህትመቱንም አየ። ከዚያ የታችኛውን መሳቢያ ከፍቶ የድሮውን ፊልም ማመሳከሪያ አወጣና አቧራውን እፍ አለበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?»

«ከትናንት።»

«ትናንት ብትነግሪኝ እበላሽ ነበር?»

ማመሳከሪያውን ከእጁ ተቀብዬ ስካነሩን እንደገና አስተካከልኩ፤ ስላይዱን ስካን አድርጌ አተምኩት። ሴትዮዋ ቁራጮቹን መስኮቱ ሥር አዲሱ ህትመት ላይ አንድ በአንድ አስቀመጧቸው። የገጠመው ሁለተኛው ነበር። መጋረጃው ከሰዓት በኋላ በዚያው ቀለም ተነከረ።