ከጥገናው ጎን ያለው ስም

«አልጽፍም አልኩህ፣ አልጽፍም! ስንቴ ልንገርህ?»

«መቶ ጊዜ ብትነግሪኝ መዝገቡ አይለወጥም።»

«እናቴ እኮ ናት! ተነሥታ ‹እንዲህ ሆኖብኝ ነው› ብላ ለማትመልስ ሰው…»

«ደንቡን ያወጡት ራሳቸው እትዬ ናቸው። እኔ ከኪሴ አላመጣሁትም።»

ሁለቱ አንድ ስክሪን ፊት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ነበር የሚጣሉት። ሲጮኹም አይተያዩም፤ ጩኸቱ ሁሉ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ልጅቱ የዛሬውን ማሻሻያ የምታዘጋጀው ናት። ከጎኗ ያለው ጎልማሳ፣ አንዲት ነጥብ ያለቦታዋ ከገባች ምሳውን ትቶ የሚነሣ ሰው በመሆኑ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ «ሕጉ» ይባላል፤ ስሙን ይወደዋል። ሦስተኛው ሰው የልጅቱ አባት ነው። መስኮቱ ሥር፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

ከታች ፍራሽ ሠሪ አለ። ጥጥ ሲነድፍ ብናኙ በመስኮት እየገባ ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። መስኮቱን እንዳይዘጉት ይሞቃል፣ ስለዚህ ለምደውታል። ነጩ ብናኝ በከሰዓቱ ብርሃን ውስጥ ወርዶ መሬት ሊነካ ሲል፣ ማራገቢያው ቀና ያደርገውና እንደገና ይወጣል። አባትየው አንዱን ብናኝ ለይቶ በዓይኑ ሲከተል ቆይቶ ነበር። ጠቡን የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ ከዳር የሚያወሩ ሰዎችን እንደሚሰማ።

ሦስቱም የሚጠብቁት አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የሰው አፍ የማይናገረው ቋንቋ ነው፤ ሰዎች ማሽንን ለማዘዝ ይጽፉበታል። አሳንሰር የሚያወጣው፣ የክሊኒክ ተራ የሚጠራው፣ የባቡር ትኬት የሚቆርጠው፣ የትም ያለ ማሽን በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝ እየሰማ ይሠራል። እነሱ አዲስ ነገር አይጨምሩበትም። በዓመት አራት ጊዜ የላላውን አጥብቀው፣ የጎበጠውን አቅንተው ይልኩታል፣ በቃ። የዛሬው አሥራ አንድ ጥቃቅን ስሕተቶችን ያስተካክላል። አንዱ ባዶ ዝርዝር ሲሰጡት መጨረሻ ፍለጋ እየዞረ የሚቀር ትእዛዝ ነበር። ሌላው «ትንሽ አረፍ በል» ሲሉት ጨርሶ የማይነቃ። አሥራ ሁለተኛው ግን ጥቃቅን አልነበረም። ቀዳዳ ነበር፤ ሌባ የሚያስገባ።

ቀዳዳውን ያገኘችው ልጅቱ ናት፣ የደፈነችውም እሷ። ቋንቋው ከውጭ ጽሑፍ ሲመጣለት በልኩ ክፍል ያዘጋጅና እዚያ ይገለብጠዋል። የመጣው ጽሑፍ ከተነገረው በላይ ቢረዝምስ ብሎ ግን አይጠይቅም ነበር። ትርፉ ወደ ጎረቤት ክፍል ይፈስሳል። ክፉ የሚያስብ ሰው ካገኘው፣ በሚፈስሰው ላይ ትእዛዙን ጽፎ የሰውን ማሽን እንደ ራሱ ያዝዛል። ጥገናው አንዲት መስመር ሆነ፤ «ከዚህ ይበልጣል ወይ?» የምትል።

ከእያንዳንዱ ጥገና ጎን ግን ሁለት ስም ይጻፋል፤ ያስተካከለው ሰውና ያጠፋው ሰው። ሌላ ቦታ እንዲህ አይደረግም። የልጅቱ እናት ናት ያመጣችው። «ያጠፋ ሰው ስሙ በየጊዜው ሲጠራ ይለምደዋል፤ የለመደው ደግሞ አይደብቅም» ትል ነበር። ዝርዝሩ ሲወጣ የሦስቱም ስም ይነበባል፣ ይሳሳቃሉ፣ ያልፋል። የእሷ ስም ግን ከማጥፋት በኩል ወጥቶ አያውቅም። «መርፌ» የሚሏት ለዚህ ነበር። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ አሁንም ከሩቅ አገር የማያውቋት ሰዎች ይጽፋሉ፤ «የመርፌን ኮድ እያነበብኩ ነው ሥራ የተማርኩት» እያሉ።

ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ የሚይዘው መዝገብ ደግሞ ያቺን መስመር የረሳችው መርፌ ናት ይላል።

«ባዶ ልተወው» አለች ልጅቱ። «ያጠፋው፣ ባዶ። ምን ይሆናል?»

«አሥራ ሁለት ጥገና፣ አሥራ አንድ ጥፋተኛ? ሰው መጀመሪያ ምን የሚጠይቅ ይመስልሻል? አሥር ሰዓት ላይ እንለቃለን ብለናል። ስምንት ተኩል ሆነ።»

«አንተ ልብ የለህም።»

«አለኝ። በቦታው ነው ያለው።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔን ጻፉ» አለ።

ሁለቱም ዞሩ። ልጅቱ ፊቷ ወዲያው ለሰለሰ።

«አባዬ፣ ተው በቃ። አንተ ውስጥ አትግባ።»

«የእኔ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሕጉ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ። ከዚህ ሰው ጋር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ልማዱ ነው። «ጋሼ፣ ገብቶኛል። ለእትዬ ብለው ነው፤ እኔም ብሆን ይኸን ነበር የማደርገው። ግን መዝገቡ ላይ የእርሳቸው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ሁሉ አለ። እንዲሁ ከወደድነው ሰው ላይ እያነሣን ከሌላው ላይ ብንለጥፍ፣ ያ ዝርዝር ምን ሊረባ?»

«ልክ ነህ» አለ አባትየው። «ለዚህ ነው የምናገረው።»

የሚያምነው አልነበረም። ልጅቱ መጥታ ትከሻውን ያዘችው፣ ከጸጉሩ ላይም ጥጥ አነሣችለት። ውሸቱን ይቅር ያለችው ይመስል ነበር። ይኸ ነበር ያስጨነቀው። እውነቱን ተናግሮ እንደ ደግ ሰው ተቆጠረ፤ በዚህ ሁኔታ አሥር ሰዓት ከሞላ የሚስቱ ስም በእሱ ጥፋት ዓለምን ሊዞር ነው፣ እሱ ደግሞ ለትዳሩ ሲል የዋሸ አሳዛኝ ሽማግሌ ሆኖ ሊቀር።

«ያኔ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር» አለ። «የእሷ። ማንም ተቀምጦ ቢጽፍ የእሷን ስም ነው የሚመዘግበው። ቀኑን እየው እስቲ።»

ሕጉ አየ። ልጅቱም ከትከሻው በላይ አየች። ከተወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ነበር።

«ይኸ ምንም አያረጋግጥም» አለ ሕጉ፣ በቀስታ። «እትዬ በአሥራ አንደኛው ቀንም ሊሠሩ ይችላሉ። ምጥ ላይ ሆነው ስለ አንድ ስሕተት ደብዳቤ ጽፈዋል ይባላል።»

«ጽፋለች፤ አድራሻውን ያጻፈችው እኔን ነው።» ፈገግ አለ። «ሚጣዬ፣ ተቀመጪና ጻፊው እስቲ። ከላይ እስከ ታች፣ እንዳለ። አትቅጂው፣ በጣትሽ ጻፊው።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ ጻፊ።»

የአሮጌውን ኮድ ገጽ በግራ በኩል ከፈተችና ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረች። ፈጣን ናት፤ ኪቦርዱን አታይም። የቁልፎቹ ድምፅና ከታች የጥጡ መንደፊያ ተቀላቀሉ። አባትየው ዓይኑን ጨፈነ። ያ ክፍል ትዝ አለው፤ መጋረጃው ሰማያዊ ስለነበር በቀን የሚገባው ብርሃን ሁሉ ሰማያዊ ነበር፣ ግድግዳውም፣ አንሶላውም፣ የሕፃኗ ግንባርም። ሚስቱ ከኋላው አልጋ ላይ ተኝታለች። ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየችም፤ «ዛሬ የሚላክ አለ፣ ቀስቅሰኝ» ብላው ነበር፤ አልቀሰቀሳትም።

«ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ?» አለ ሕጉ በድንገት።

ልጅቱ ቆመች። «ምን?»

«ቀኝ እጅሽ። አይጽፍም እኮ።»

እጇን አየችው። ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተኝቷል። ወደ ገጹ ተመለሰች፣ መስመር በመስመር። ኮዱ ውስጥ የተሰጡት ስሞች ሁሉ፣ የክፍሉ ስም፣ የርዝመቱ ስም፣ የሚቆጥረው ነገር ስም፣ በኪቦርዱ ግራ በኩል ካሉት ቁልፎች ብቻ የተሠሩ ነበሩ። የማይረባ ስም ሁሉ ነበር፤ ሁልጊዜ እናቷ ለምን እንዲህ ያለ ስም እንዳወጣች ይገርማት ነበር።

«በቀኝ እጄ አንቺን ይዤ ነበር» አለ አባቷ። «ካስቀመጥኩሽ ትጮኺያለሽ። እናትሽን ታስነሺብኛለሽ።»

አንድ ብናኝ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

«እና መስመሯስ?» አለች። «‹ይበልጣል ወይ› የምትለው?»

«የመብለጥ ምልክቱ ቀኝ ዳር ነው። ለመድረስ መጎንበስ ነበረብኝ። እንቅልፍ ገና እየወሰደሽ ነበር፤ ብጎነበስ ትነቂያለሽ። በደንብ ስትተኚ እጨምረዋለሁ አልኩ።» እጁን ዘርግቶ ከአየር ላይ አንድ ነገር ሊይዝ እንደፈለገ ሰው ቆየ። «እኔም አብሬሽ ተኛሁ። ስነቃ መሽቷል፣ ኮምፒውተሩም በሰዓቱ ራሱ ልኮታል። ደግሞም ሁሉ ነገር ይሠራ ነበር።»

ሕጉ ግን ሕጉ ነው። ተነሣ፣ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ጠቀለለ፣ በቀኝ ክንዱ ታቀፈውና ተቀመጠ። በግራ እጁ መጻፍ ጀመረ። ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«አትሳቂ፣ ይነቃል» አለ።

እስከ ሦስተኛው መስመር ተመቸው። የመብለጥ ምልክቱ ጋ ሲደርስ አንገቱን ሰበረ፣ ክርኑን አነሣ፣ ኮቱ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ገደልከው!» አለች ልጅቱ፣ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ።

«ማረጋገጫ ነው» አለ ሕጉ፣ ኮቱን እያራገፈ። ፊቱ ግን ተለውጧል። ወደ ዝርዝሩ ገብቶ የመርፌን ስም አጠፋ፤ ጠቋሚው ባዶው ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። «ጋሼ፣ ልጽፈው ነው እንግዲህ።»

«ጻፈው።»

«ምክንያቱንም ልጻፍ? ሕፃን ታቅፎ ነበር ብዬ?»

«ምክንያት አይጻፍም። ደንቡ ስም ብቻ ነው።»

«የእኔንም ጨምርበት» አለች ልጅቱ። «ተባባሪ ነኝ።»

«አንቺ ዕድሜሽ አልደረሰም ነበር፣ ሂጂ ወደዚያ» አላት ሕጉ፣ ጽፎም ጨረሰ።

አባትየው ስሙን ከሩቅ አየው። ለጥቂት ጊዜ ቀለል አለው፣ ልብሱ ደርቆለት ከገመድ ላይ እንዳነሣ ሰው። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ የሚያውቀው ሰው ደረጃ እንደሚወጣ።

የመጨረሻው አንባቢ እሱ ነው። ማንኛውም ስሪት ከመውጣቱ በፊት አሮጌውንም አዲሱንም ገጽ በሙሉ የሚያነብ፣ «አየሁት» ካላለ የማይለቀቅ። ያንን ገጽ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሰማንያ ጊዜ ከፍቶታል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ከላይ ያለውን ስሟን ነው። ስሟን ሲያይ ዓይኑ ያርፍ ነበር። የእሷ ከሆነ ምን ይታያል ብሎ፣ ገጹን ገልጦ፣ ከእሷ ጋር ትንሽ ቆይቶ፣ ያልፈዋል። ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ማንበብም አልነበረም፤ መጠየቅ ነበር፣ እንደምን ዋልሽ ማለት። «አየሁት» ይላል ወጥቶ። ቀዳዳው አጠገቡ ክፍቱን ይውላል። ራሱ የረሳውን መስመር በስሟ ስላመነ ብቻ አላየውም።

ይኸን የሚጽፉበት ቦታ ዝርዝሩ ላይ የለም።

«ጋሼ፣ አሥር ሊሆን ነው» አለ ሕጉ። «ይበሉ እንጂ።»

ጠዋት ሁሉንም አንብቦ ነበር፤ ያንን ገጽ ግን በልማዱ ነበር ያነበበው። «ሚጣ ታንብበው» አለ።

«እኔ ራሴ የጠገንኩትን?»

«አሥራ አንዱን የጠገነው እሱ ነው፣ አንቺ አንብቢ። የአንቺን እሱ ያንብብ። ስም እየሸፈናችሁ።»

ልጅቱ ሰዓቱን አየች። ወረቀት አጥፋ ስክሪኑ ላይ በጣቷ ያዘች፣ ስሞቹ ያሉበት ዳር ላይ። ሁለቱ ተጠጋግተው ማንበብ ጀመሩ፣ አንዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንዷ ጣቷን እያወረደች። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፣ ተከራከሩ፣ አንድ ፊደል አስተካክለው ቀጠሉ።

«አየሁት» አለ ሕጉ።

«አየሁት» አለች ልጅቱ።

ማሻሻያው ወጣ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ማሻሻያውን የሚወስዱት ማሽኖች ቁጥር መቆጠር ጀመረ፣ አንድ፣ አራት፣ አርባ፣ ከዚያ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት። የትም፣ ማንም ሳያውቅ፣ አንድ አሳንሰር አረፍ ብሎ ተነሣ፤ አንድ የተራ ሰሌዳ ጠፍቶ በራ። ፍራሽ ሠሪው ሥራውን አቁሞ ስለነበር ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ብናኙም ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ።

«እየው፣ እየው፣ ይኸኛው ከየት ነው? ሁለት ሺህ በአንዴ!» አለች ልጅቱ።

«ባቡሮቹ ይሆናሉ።»

«አይደሉም፤ ባቡሮቹ ሁልጊዜ በማግሥቱ ነው። እንወራረድ?»

«በምን?»

አባትየው ከወንበሩ ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋ፣ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። የቢሮውን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈልቅቆ መደርደሪያው ላይ፣ የእነሱ ቁልፎች ባሉበት ሳሕን ውስጥ አኖረው። በሩን ሲጢጥ እንዳይል አነሣ አድርጎ ከፈተው። ከኋላው ሁለቱ በምን እንደሚወራረዱ ገና አልተስማሙም ነበር።