ለበርሜሎቹ የተነገረ ስም

ቬንድሊን ድንገት ፍሬን ያዘ። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ሞዘል ወንዝ በግራ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ በቀኝ የወይኑ ማሳ ዳገቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፣ ፊት ለፊት ደግሞ ውሻ የለ፣ መኪና የለ። ከኋላው የነበረችው ሚስቱ ሪካርዳ ልትገጨው ትንሽ ቀራት።

«አንተ! ትራም ላይ ያለህ መሰለህ እንዴ? እዚህ ፌርማታ የለም እኮ!»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ኮሎኝ ውስጥ ትራም ሲነዳ ኖሮ ዘንድሮ ነው ጡረታ የወጣው። የሳይክል ሽርሽሩ የሷ ሐሳብ ነበር። በቀን ሃያ ኪሎሜትር፣ ከዛ ወይን፣ ከዛ እንቅልፍ፣ በቃ። ስድስት ቀን እንደዛ እየሳቁ ቆዩ። ዛሬ ግን ሰውየው ከቁርስ ጀምሮ አፉን አልከፈተም።

«በዚሁ በኩል እንቀጥል» አላት። «ማዶ መሻገር አያስፈልግም።»

ማዶ ኔልባህ የምትባል መንደር ትታያለች። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ሠላሳ የሚሆኑ ቤቶች፣ ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ የድንጋይ ግቢ። የግቢው በር ላይ መጥረጊያ ተሰቅሏል። መጥረጊያ ከተሰቀለ ባለቤቱ የራሱን ወይን እየቀዳ ነው፤ ዝም ብለህ ገብተህ ትቀመጣለህ።

«መጥረጊያ አውጥተዋል፣ አይታይህም? ጉሮሮዬ ደርቋል!»

«ቤታችን ነው» አለ ቬንድሊን።

ሪካርዳ ከሳይክሏ ወረደች። ኦስቫልድ የሚባል ታላቅ ወንድም እንዳለው፣ እንደማይነጋገሩም ታውቃለች። የርስት ጠብ ነው ብላ ነበር የተወችው፤ በርስት ያልተጣላ ማን አለ? አሁን ግን ሳሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ነገራት።

በዚህ ሸለቆ የወይን ቤት ጌታ ሲሞት ለዘመድ ብቻ አይነገርም፤ ለወይኑም ይነገራል። ከቤቱ ሰው በዕድሜ ትንሹ ምድር ቤት ይወርድና እያንዳንዱን በርሜል ሦስት ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ፣ «ጌታችሁ ሞቷል። ከዛሬ ጀምሮ ጌታችሁ እገሌ ነው» ይላል። ካልተነገረው ወይኑ ያኮርፋል። አባታቸው የሞተ ጊዜ ቬንድሊን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ቤቱም ማሳውም ለኦስቫልድ ሆነ። ቬንድሊን ሻማ ይዞ ወረደ፣ አሥራ አንዱንም በርሜል አንኳኳ፣ ለአሥራ አንዱም የራሱን ስም ነገራቸው።

«በጣም ተናድጄ ነበር» አላት። «ስወጣ ኦስቫልድ ‹ነገርካቸው?› አለኝ። ‹ነገርኳቸው› አልኩት። በሳምንቱ ኮሎኝ ገባሁ።»

ሪካርዳ ከት ብላ ሳቀች። «ለበርሜል ዋሽተህ ነው አርባ አራት ዓመት ወንድምህን የሸሸኸው?»

«ከዛ ወዲህ ደህና ወይን ወጥቶት አያውቅም። በየዓመቱ አንድ ጠርሙስ አስመጥቼ እቀምሰዋለሁ።»

«ያ በየኅዳሩ ማጠቢያው ላይ የምትደፋው?»

«እሱ።»

ሳቋ ጠፋ። ተነስታ ሳይክሏን አቀናች። «ተነስ። ለሰውየው ትነግረዋለህ። ከዛ በጥፊ ቢልህም የራስህ ጉዳይ ነው።»

በመሻገሪያው ጀልባ ተሻገሩ። ግቢው ውስጥ አራት ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ እንግዳ ግን አንድም የለ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ወይን ቀድታ አመጣችላቸው፤ የኦስቫልድ ልጅ ሊዮባ ናት። አጎቷን አይታው ስለማታውቅ አልለየችውም። ወይኑ ድፍርስ ነው። ሪካርዳ አንዴ ፉት ብላ አስቀመጠችው። ከመሬት በታች ግን የሆነ ነገር ይንተከተካል፤ በምድር ቤቱ ትንሽ መስኮት ብቅ፣ ብቅ፣ ብቅ የሚል ድምፅ ይወጣል።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለች ሪካርዳ።

«ወይኑ ነው» አለች ሊዮባ፤ ፊቷ ልክ አይደለም። «መጮህ አልነበረበትም። የአምና ነው፣ ፈልቶ ፈልቶ ያረፈ። እናንተ ጀልባው ላይ ስትወጡ ነው የጀመረው።»

ከቤት አንድ ሽማግሌ በከዘራ ወጣ። ቬንድሊንን አየው።

«መጣህ።»

«መጣሁ።»

«ሆድህ ከበርሜሌ በልጧል።»

«አንተም ብትሆን አላማረብህም።»

ሪካርዳ ሊተቃቀፉ ነው ብላ ጠበቀች። አልተቃቀፉም፤ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቬንድሊንም ብርጭቆውን እያየ ሁሉንም ተናገረ፣ ሻማውን፣ በርሜሎቹን፣ ስሙን። ኦስቫልድ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር ብላ አሰበች ሪካርዳ።

«የሆነ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስወርድ ጀርባቸውን ይሰጡኛል። በርሜል ጀርባ አለው ወይ ትሉኛላችሁ፤ አለው። ደረጃውን ስረግጥ ጸጥ ይላሉ፣ ስወጣ ያንሾካሹካሉ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ነው ያረጀሁት።» ወደ ልጁ ዞረ። «አምና ሥራውን ለሷ ሰጠኋት፤ እኩሌታው ኮምጣጤ ሆነባት። ዘንድሮም እንደዛ ከሆነ ወይኑን ነቅላ ከተማ ልትገባ ነው።»

«አሁኑኑ ወርጄ ዋሽቼ ነው እላቸዋለሁ» አለ ቬንድሊን።

«እንደዛ አይሆንም። የወይን ጌታ የሚለወጠው በሞት ነው።»

 ቀድማ የገባት ሊዮባ ናት።

«አባዬ፣ አይሆንም!»

«የቤቱ ትንሽ አንቺ ነሽ።»

«ምንድነው የምታወሩት?» አለች ሪካርዳ።

«ወርዳ ቬንድሊን ሞቷል ትላቸዋለች» አለ ኦስቫልድ።

«ባሌ እኮ እዚህ ቁጭ ብሎ ወይን እየጠጣ ነው! እናንተ ሰዎች ጤነኞች ናችሁ?»

«አንድ ሌላም ነገር አለ» አለ ሽማግሌው፤ እሷን ሳይሆን ወንድሙን ነው የሚያየው። «ከተነገራቸው በኋላ ድምፅህን መስማት የለባቸውም። በዚህ በርም ተመልሰህ አትገባም። የሞተ ሰው አይገባም።»

ሪካርዳ የባሏን ክንድ ያዘች። «ተነስ። በል ተነስ እንሂድ፣ ይቅርብን።» ቬንድሊን ግን ግቢውን ያያል፤ የለውዙን ዛፍ፣ የጎርፍ ውሃ የደረሰበት ከፍታ የተጫረበትን ግድግዳ፣ የእናቱን መስኮት። አርባ አራት ዓመት ጠብቆ ገብቶ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። 

«ንገሪያቸው» አላት ሊዮባን።

ከዛ በኋላ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሊዮባ ሻማ ይዛ ወረደች። በመስኮቱ በኩል ሁሉም ይሰማል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። «ጌታችሁ ቬንድሊን ሞቷል። ከዛሬ ጀምሮ ጌታችሁ ሊዮባ ናት።»  ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በተነገረ ቁጥር መንተክተኩ በአንድ በርሜል ይቀንሳል፤ ሪካርዳ ሳታስበው ትቆጥራለች። ስድስት። ሰባት። የባሏ እጅ እጇ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው፣ ወይም እንደዛ መሰላት። አሥራ አንደኛው ላይ ግቢው ጭጭ አለ። ወፍ እንኳ የለ።

ኦስቫልድ ዳቦና የደረቀ ሥጋ አመጣ፣ ብርጭቆ ደረደረ። ሦስት ብርጭቆ። ሪካርዳ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ያዘና «እግዜር ያጽናሽ» አላት። በጥፊ ልትለው ነበር። ግን ሰውየው የምሩን እያለቀሰ ነው።

«ጎርፍ የገባ ጊዜ ስድስት ዓመቱ ነበር» አላት፣ ባሏ በክንድ ርቀት ተቀምጦ። «ወይን በምንረግጥበት ገንዳ ውስጥ ገብቶ መርከበኛ ነኝ ብሎ ተንሳፍፎ ሄደ። ዋኝቼ አወጣሁት፣ በደንብ ገረፍኩት፣ ለአባባ ግን አልነገርኩበትም። ልጅ ነበር፣ ጥሩ ልጅ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ሲሄድ ጣቢያ ድረስ ተከተልኩት። እንጨት ክምሩ ኋላ ተደብቄ ባቡሩን ሳየው ቆየሁ። ‹ቅር› ብለው ኖሮ ይቀር ነበር። አላልኩትም። በሕይወት እያለ ለማንም ያልተናገርኩት ነው ይሄ።»

ቬንድሊን አፉን ከፈተ። ሊዮባ ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ ራሷን በፍጥነት ነቀነቀች። አፉን ዘጋ። ተነሳ፣ ወንድሙን አንዴ አየው፣ ሳይክሉን ይዞ ወጣ። ኦስቫልድ ቀና ብሎ አላየውም።

ሪካርዳ ወንዙ ዳር ደረሰችበት። ወደሷ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ተናገረ።

«እንጨቱ ኋላ ቆሞ አይቼው ነበር። በባቡሩ መስኮት። ሂጂ ንገሪልኝ።»

ሮጣ ተመለሰች። በሩ ተቀርቅሯል፤ ደበደበችው። ኦስቫልድ ትንሽ ገርበብ አደረገው።

«አይቶህ ነበር» አለችው እያለከለከች። «እንጨቱ ኋላ። እንደተከተልከው ያውቅ ነበር።»

ሽማግሌው በሩን በሁለት እጁ ያዘ። «መቼ ነገረሽ?»

አሁን ልትል ነበር። ከኋላው የምድር ቤቱ መስኮት ይታያታል፣ ጥቁር፣ ጸጥ ያለ፣ የሚያዳምጥ።

«ከመሞቱ በፊት» አለች።

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ዞራ ሮጠች። ቁልቁል ወንዙ ድረስ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ሁለቱ ሳይክሎች አጥሩ ላይ ተደግፈዋል። እሱ የለም።

«ቬንድሊን!»

ወደ ጠርዙ ወረደች። ውሃው ብቻ።

«ቬንድሊን፣ አትጫወትብኝ!»

ከጀልባ መውጫው ደረጃ ፊቱን በውሃ እያበሰ ብቅ አለ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ አመለከታት። እየሮጠች ሄዳ ደረቱን በጡጫ መታችው፣ ከዛ ጆሮዋን እዛው ደረቱ ላይ ለጥፋ ቆየች፤ ጀልባው መጥቶ ባለጀልባው እስኪጠራቸው ድረስ።

ማዶ ተሻግረው ሳይክላቸው ላይ ወጡ። ሪካርዳ ከኋላ መሆን እምቢ አለች፤ ጎን ለጎን ነዱ። ቬንድሊን ኔልባህ ከወንዙ እጥፋት ኋላ እስክትሰወር አልተናገረም፤ ከተሰወረችም በኋላ ብዙ ቆየ።