አንድ ኪሎ ጓጉንቸር

አባ ጓጉንቸር ጓጉንቸሩን ከብብታቸው አውጥተው ጉንጫቸው ላይ ለጠፍ አደረጉት። ለብ ብሏል። ቅዝቃዜው የልጅ ልጃቸውን የሚጢጢን ገላ ነክቶ እሪ ካስባላት ጉዳቸው መፍላቱ ነው። ግራ ቀኝ ገላመጡ። ልጃቸው ካርድ ለማውጣት መስኮቱ ጋ ተሰልፋለች፤ የጤና ጣቢያውን አግዳሚ ወንበር የሞሉት እናቶች ደግሞ ከየልጆቻቸው ጋር ትግል ላይ ናቸው። ብረቱን የልጅ ልጃቸው ዳይፐር ውስጥ ሸጎጥ አደረጉት።

«ዝም ነው እንግዲህ፣ የኔ እመቤት» አሏት በሹክሹክታ። «ዛሬ ካልከበድሽ አያት የለሽም።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የመጋዘን በር ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የወጡት ይህንኑ ጓጉንቸርና ቅጽል ስማቸውን ብቻ ነበር። ሚጢጢ ስትወለድ ዘበኝነታቸው ወደ እሷ ተዛወረ፤ እናቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትውል እሳቸው ልጅቷን ይዘው ይውላሉ። ባለፈው ወር ግን የሚጢጢ ኪሎ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። እናት «በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ ከሆነ ሕፃናት መዋያ አስገባታለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። ያለ ሚጢጢ ቀኑ በምን ይመሻል? ከማን ጋር ይጫወታሉ፣ ከማን ጋርስ ይኳረፋሉ? ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገባቸው። እህል ከጉሮሯቸው አልወርድ አለ ግን አይባልም። ወርዷል፤ ጣጣውም እሱ ነው።

ተራቸው ደረሰ። አባ ጓጉንቸር ማንም ሳይቀድማቸው የሚጢጢን ልብስ አወለቁ።

«ዳይፐሩ ይቆይ» አለች ነርሷ። «ቅድም አንዱ ጎረምሳ አጥቦኛል።»

ልጅቷን ተንጠልጣዩ ሚዛን ላይ ሰቀለቻት። መርፌው ሽቅብ ዘለለ።

«እሰይ! አንድ ኪሎ ጨምራለች! ምን ብታበሏት ነው?»

«እንቁላል፣ ካሮት፣ ድንች... ጠዋት ሠርቼ አስቀምጣለሁ፤ የሚያበሏት አባባ ናቸው» አለች እናት፤ የአባቷንም ትከሻ ሳመች። አባ ጓጉንቸር መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ሚጢጢ ግን አንድ አመል አላት፤ እጇ የገባውን ሁሉ ለሰው ካልሰጠች አይሆንላትም። እጇን ዳይፐሯ ውስጥ ሰደደች፣ ጎተተች፣ ቃተተች፣ በመጨረሻ ጓጉንቸሩን በሁለት እጇ አውጥታ ለነርሷ ዘረጋችላት።

«እንኪ!»

ነርሷም ሳታስበው ተቀበለቻት። መርፌው ወርዶ ባለፈው ወር ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

«አባት፣ ብረትም ያበሏታል እንዴ?»

አግዳሚው ወንበር በሳቅ ፈነዳ። እናት ግን አልሳቀችም።

«አባባ፣ ሳህኑን እኮ በየቀኑ ጥርግ ብሎ ነው የማገኘው!»

«ጥርግ ብሏል! እሱስ ውሸት የለበትም።»

«ማን ጠርጎት?»

አዛውንቱ አቀረቀሩ። «ማንኪያውን ይዛ ‹አባባ፣ ሃም› ትለኛለች። እምቢ ስላት ከንፈሯን ትጥላለች። አንጀቴ አይችልም። አንዴ እጎርሳለሁ፣ ሌላም እጎርሳለሁ...»

«እሷስ?»

«እሷማ... ብስኩት በሻይ።»

ነርሷ አዛውንቱን ትልቁ ሚዛን ላይ አወጣቻቸው። በራሳቸው ካርድ ላይ ከተጻፈው ሦስት ኪሎ ጨምረዋል።

«ይኸው፣ የጠፋው ኪሎ ተገኘ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባት፣ ሻይና ብስኩቱ ሆዷን ይሞላል እንጂ አያሳድጋትም። አሁን የቀረባትን ኋላ መመለስ ይከብዳል።»

አባ ጓጉንቸር የሚጢጢን ቀጭን ክንድ ዳበሱ። ለካ ከዓይናቸው ብሌን በላይ የሚወዷትን ልጅ ሲያስርቧት ነው የከረሙት።

በማግስቱ ጠዋት እናት የሚጢጢን ቦርሳ ለመዋያው ሸክፋ በሩ ጋ ቆመች። አባ ጓጉንቸር ቀደሟት። ብስኩቱን፣ ስኳሩንና ሻይ ቅጠሉን ብፌው ውስጥ ከተቱ፣ በጓጉንቸሩ ቆለፉት፣ ቁልፉንም ለልጃቸው ዘረጉላት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢለምናቸው ቁልፍ ከእጃቸው አውጥተው አያውቁም።

«ያዢው። እኔ ራሴን አላምነውም፤ ካለቀሰች እከፍተዋለሁ።»

«እርስዎስ? ሻይ አያምርዎትም?»

«እንዴት አያምረኝ! ማታ ስትመጪ ታጠጪኛለሽ።»

ልጃቸው ቁልፉን አየች፣ እሳቸውን አየች። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠች።

«አንድ ወር፣ አባባ። ከዚያ በኋላ ልመና የለም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ሳህን ቀረበ፤ በሁለቱም ላይ እንቁላልና የተፈጨ ካሮት። ሚጢጢ እንደ ልማዷ ማንኪያዋን ወደ አያቷ አፍ ላከች።

«አባባ፣ ሃም!»

ጎረሱ። ከዚያም ከራሳቸው ሳህን እንቁላሉን ቆርሰው አፏ ሥር አደረሱ። «ብድር በምድር፣ እመቤቴ። አሁን ተራው ያንቺ ነው።»

ሚጢጢ ግራ ተጋባች፤ ሳቀች፤ አፏን ከፈተች። እሷ ስትሰጥ እሳቸው ሲመልሱ፣ የእሷ ሳህን ወደ እሳቸው ሆድ፣ የእሳቸው ሳህን ወደ እሷ ሆድ መጉረፍ ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ግን ልጅቷ ብስኩቱ ትዝ አላት። ወደ ብፌው ጠቆመች።

«ኩት!»

የአባ ጓጉንቸር እጅ በልማድ ወደ ኪሳቸው ገባ። ባዶ ነው።

«ቁልፉ እናትሽ ጋ ነው» አሏት።

ሚጢጢ ከንፈሯን ጣለች፣ ቀጥሎም ጎረቤት እስኪሰማ እሪ አለች። የእሳቸውም ዓይን እንባ አቀረረ። ማንኪያውን ግን ከእጃቸው አልለቀቁም።