የአበርዲን ማግኔት

ፌበን የእናቷ አፍ ሆና ያደገች ልጅ ናት። ባንክ ቤት ቢሉ፣ የቤት ኪራይ ቢሮ ቢሉ፣ ሐኪም ቤት ቢሉ፣ ወይዘሮ ተሻለች ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ፤ ልጅት ታወራለች። ልማድ ሆኖባት ደግሞ ማሳጠር ታበዛለች። ሐኪሙ ምራቁ እስኪደርቅ ያስረዳውን «ደህና ነሽ ነው የሚልሽ» ብላ ትዘጋዋለች። ለእናቷ የመጣውንም ጥያቄ እሳቸውን ሳታስቸግር ራሷ ትመልሰዋለች። ይሄ በየቤታችን ያለ በሽታ ነው፤ ቶሮንቶ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ያን ዕለት ጠዋት ከስካርቦሮ ተነስታ እናቷን ከሚኖሩበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ወይዘሮ ተሻለች ራሳቸውን ያዞራቸው ጀምሯል፤ ቀኝ እጃቸውም አልፎ አልፎ ይደነዝዛል። ሐኪሙ የጭንቅላት ኤምአርአይ፣ በማግኔት የሚነሳ ምርመራ፣ አዘዘ። ፌበን የማይነበበውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አንብባ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። እናትየው ግን ክርስትና የተጠሩ ይመስል ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ኤይልሳ የምትባል ሳቂታ ጎልማሳ ሴት ነበረች። ስኮትላንዳዊት ናት፤ እንግሊዝኛዋ ለፌበን እንኳ ያስቸግራል። ወይዘሮ ተሻለች አልጋው ላይ ሳይወጡ በፊት መጠየቅ ጀመረች። ልባቸው ላይ የተገጠመ ነገር አለ? ሰውነታቸው ውስጥ ብረት፣ ጥይት፣ የቦምብ ፍንጣሪ አለ? ዓይናቸው አካባቢስ?

ፌበን ሳቋ መጣ። ዕድሜ ልካቸውን ቤተ ክርስቲያንና ሥራ ከመመላለስ በቀር ምንም የማያውቁ ሴትዮ፣ ጥይት!

«ኖ» አለች። «ሁሉም ኖ ነው።»

«አልጠየቅሻቸውም እኮ» አለች ኤይልሳ። «እባክሽ ከራሳቸው ልስማ።»

ፌበን ወደ እናቷ ዞር አለች። «እማዬ፣ ሰውነትሽ ውስጥ ብረት ምናምን የለም አይደል?»

ወይዘሮ ተሻለች አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ፈረንጇን አዩ። «አንቺ እንዳልሽው» አሉ።

«ኖ» አለች ፌበን።

ጉትቻቸው ወለቀ፣ የፀጉር ማስያዣቸው ወለቀ፤ የብሩ መስቀል ከማተባቸው ተፈትቶ ፌበን እጅ ገባ። ክሩን ግን «ሞቼ ነው የሚፈታው» ስላሉ ኤይልሳ ስቃ ተወችላቸውና አልጋው ላይ አስተኛቻቸው። ፌበን መስቀሉን ደጋግማ ስትስም ስታይ ጊዜ ልታጫውታት ፈለገች።

«ይሄን ያህል አትፍሪ። እኔ ከአበርዲን ነኝ። መላ ሰውነትን የሚያይ እንዲህ ያለ ማሽን መጀመሪያ የተሠራው በኛ ከተማ ነው። እኛ ስኮቶች ያልሠራነው ምን አለ? ስልክን ያወጣው የኤደንብራ ልጅ ነው፤ ቴሌቪዥንም የኛ ነው። መድኃኒት በመርፌ መውጋትም ከኛ ነው የመጣ። ፔኒሲሊንን ያገኘው የኛ የገበሬ ልጅ ነው!»

«ሁሉን የሠራነው እኛ ነን ትላለች» አለች ፌበን ለእናቷ። «ስልኩንም፣ መርፌውንም፣ ፔኒሲሊኑንም።»

«ፔኒሲሊንንም?» ወይዘሮ ተሻለች አልጋው ላይ እንደተጋደሙ ቀና ሊሉ ቃጣቸው። «እግዜር ይስጥልኝ በያት። ገዳሪፍ ላይ ከሞት ያተረፈኝ እሱ ነው።»

«እናመሰግናለን ትላለች» ብላ አሳጠረችው ፌበን።

ኤይልሳ ደስ አላት። ከጨነቃቸው የሚጨምቁትን የጎማ ኳስ እጃቸው ላይ አስያዘቻቸውና በሩን ዘጋች። ፌበን ለማስተርጎም ስለሆነ ከመስታወቱ ኋላ እንድትቆም ተፈቀደላት። አልጋው እናቷን ይዞ ቀስ እያለ ወደዚያ ቀዳዳ ገባ። ነጠላቸውን አላወለቁም ነበርና ጫፉ ብቻ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ታየ።

«ማግኔቱ መቼም አይጠፋም፤ ተኝተንም ይስባል» አለች ኤይልሳ፣ የአገሯ ነገር ገና አልወጣላትም። «ቀድሞ የሠራሁበት ቦታ አንዱ የብረት ባልዲ ይዞ ገባና ባልዲው ከእጁ በርሮ እዚያ ተለጠፈ። አጥብቀን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ዓይን ጀርባ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ብረት ብትኖር ትንቀሳቀሳለች። ዓይን ታጠፋለች። ወደ ውስጥ ከሄደች ደግሞ አያድርስ ነው።»

ፌበን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ገዳሪፍ የሚለው ቃል አሁን ገና ጆሮዋ ደረሰ።

ፔኒሲሊኑ እናቷን ከምን ነው ያተረፋቸው? ስለ ሱዳን በተጠየቁ ቁጥር እናቷ «ሙቀቱ አይጣል ነው» ብለው ያልፋሉ። የግራ ቅንድባቸው ላይ ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ አለ፤ ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው ይላሉ። ወድቆ ለተሰነጠቀ ቅንድብ ማን ነው ፔኒሲሊን የሚወጋ? ወድቆስ ማን ከሞት ይተርፋል?

የፌበን ወሽመጥ ብጥስ አለ። መስታወቱን በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር።

«አውጪያት! አውጪያት! ብረት አላት! እናቴን አውጪልኝ!»

የምትጮኸው በአማርኛ ነበር። ስትፈልግ እንደ ውኃ የሚፈስላት እንግሊዝኛ ያን ሰዓት አንዲት ቃል አላቀበላትም። ኤይልሳ ቋንቋውን ባታውቅም ፊቷን አይታ ደነገጠች፤ ቁልፉን ተጫነች፤ ፌበን ቅንድቧን ስታሳያት ደግሞ ነገሩ ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቀስ ብለን ነው የምናወጣቸው» አለች። «በፍጥነት ከሆነ ይብሳል።»

ቀስ! አልጋው እየተጎተተ ሲወጣ ፌበን ስንት ጊዜ ሞተች። መጀመሪያ እግራቸው፣ ከዚያ ያ የጎማ ኳስ የተቀመጠበት እጃቸው፣ ከዚያ አገጫቸው። እናቷ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው ነበር። ክፍሉ ውስጥ እንዳትገባ ኤይልሳ ክንዷን ይዛ አስቀረቻት፤ እሷው ገብታ ደግፋ እስክታመጣቸው ፌበን ኪዳነ ምሕረትን ስትማጸን ቆየች።

«እማዬ! ታዪኛለሽ? መዳፍሽን አንሺ፣ ታዪኛለሽ ወይ?»

ወይዘሮ ተሻለች መዳፋቸውን አነሱ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ያነባል። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ዓይናቸውን እየጨፈኑ አዩዋት።

«አይሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንዴ ሳብ አደረገኝ፤ ሞቀኝም። ምን ያስጮህሻል? ሰው አስደነገጥሽ።»

ኤክስሬይ አነሷቸው። ሥዕሉ ላይ ከቅንድባቸው ሥር ምስር የምታህል ነጭ ነገር ቁልጭ ብላ ታየች። የመጣው ሐኪም ዓይናቸውን መረመረና ለጊዜው ደህና ነው፣ ነገር ግን ከዚያ ማሽን አጠገብ ዳግመኛ እንዳይደርሱ፣ ጭንቅላታቸውን በሌላ ማሽን እናያለን አለ። ፌበን ይሄን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ተረጎመችላቸው። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ምንድነው እሱ?»

«ፍንጣሪ ነዋ። ወደ ሱዳን ስንሸሽ መተማን ሳናልፍ አውሮፕላን ደበደበን።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም? ጠይቄሽ አልነበር?»

«ሴትዮዋማ ጠይቃለች፣ ሰምቻታለሁ። ይሄን ያህል ዘመን እዚህ አገር ኖሬ ‹ሜታል› የሚለው ይጠፋኛል?»

«ታዲያ!»

«አንቺ ቀድመሽ ኖ ብለሻታላ» አሉ ወይዘሮ ተሻለች፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። «በሰው ፊት ልጄን ውሸታም ላሰኛት?»

«ሲስብሽስ? ኳሱን ለምን አልጨመቅሽም?»

«ቶሎ ያልቃል ብዬ።»

ፌበን መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከፈራችው ሁሉ ይሄኛው ባሰባት። እናቷ ዓይናቸው እስኪጠፋ ዝም ሊሉላት ነበር። ስንቱን ሐኪም ቤት፣ ስንቱን ጥያቄ እንዲህ ዝም ብለውላት ይሆን?

ኤይልሳ ተመልሳ መጣች። ለሌላው ማሽን የሚሰጠው መድኃኒት ከመወጋቱ በፊት የምትጠይቀው አላት፤ አሁን ግን ሳቋ የለም። መድኃኒት ሳይስማማቸው የቀረበት ጊዜ አለ ወይ አለች።

የፌበን አፍ ሊመልስ ተከፈተ፤ ዘጋችው። ወደ እናቷ ዞረች። ወይዘሮ ተሻለች አንገታቸውን አስግገው የልጃቸውን ፊት ትኩር ብለው ያዩ ነበር፤ የትኛውን መልስ እንደምትፈልግ እስኪገባቸው እየጠበቁ ነው።

ፌበን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ጥያቄውን ጠየቀቻቸው።