ሥሯ ሥሯን

«ሥሯ ሥሯን እርጭላት፤ ደግሞ አደራ፣ አፈር እንዳታስነካት» ብላው ነበር ሚስቱ፣ ለጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ስትተኛ። ልብስ ሰፊው ባል እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ኦርኪድ የምትላት አበባ ይህችውና፤ መዳፍ የምታክል የዛፍ ቅርፊት መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላለች፣ እሷ ላይ ምስር የሚያካክሉ ቅጠሎች በክር ታስረዋል፣ አለቀ። ሸክላ የለ፣ አፈር የለ። «ኑሮዋ ዛፍ ላይ ነው፤ የምትጠጣው ከአየሩ እርጥበት ነው» ትል ነበር ሚስቱ፤ እሱ ቀልድ ይመስለው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ! ሥር ቢፈልግ ሥር አጣ። ያየው የተንዘረፈፈ ግራጫ ክር ብቻ ነው። እንግዲህ «ሥሯ» ያለችው ከበታቿ መሆን አለበት ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉን በውሃ ሲያርስ ሰነበተ። ለምን እንደሆነ አልገባውም። ግን ሚስቱ ሦስት ዓመት የጠበቀቻት እንቡጥ ወጥታለች፤ እሱ እጅ ላይ ብትረግፍ በምን ዓይኑ ያያታል?

በዘጠነኛው ቀን «ነገ እወጣለሁ» ብላ ደወለች። ቤቱን ሲያሰናዳ ቀና ቢል፣ ያ የተንዘረፈፈ ክር አላስችለው አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ትርፍ ክር ሳይቆርጥ ልብስ አስረክቦ አያውቅም። መቀሱን አነሳና አንዱን ቀጭ አደረገው።

ክሩ ውስጡ አረንጓዴ ነው። እርጥብም ነው።

ደንግጦ ስልኩን አነሳ።

«አንቺ፣ ክር ውስጡ አረንጓዴ ይሆናል እንዴ?»

«የምን ክር?» ወዲያው ገባት። «ሥሯን ቆረጥከው?»

«ይሄ ነው ሥር?»

«ታዲያ ውሃውን የት ነበር የምትረጨው?»

«ሥሯ።»

«ሥሯን ነው ያልኩህ ወይስ ሥሯ?»

«እኔ እንጃ» አለ። ከልቡ ነው፤ የሚያውቀው ሁሉ ጠፍቶበታል።

በማግስቱ በክራንች ተደግፋ ገባች። ሳትቀመጥ ወደ መስኮቱ ሄደች። እንቡጧ ፈክታለች፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ታንሳለች፣ ሐምራዊ ናት።

«የወለሉ እርጥበት ነው ያቆያት» አለች። እሱ ግን ተሳስቶ ይሁን ሳይሳሳት አሁንም አልለየለትም፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ጠጋ ብላ ስታይ፣ የተቆረጠው ሥር ከጉማጁ ጋር በአረንጓዴ ክር፣ በደቃቅ ስፌት ተቀጥሏል።

«ሥር ይሰፋል እንዴ፣ አንተ ሰው?»

«አላውቅም። እኔ የማውቀው መስፋት ነው።»

ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ መጣ። ውሃ መርጫውን አንስታ ሰጠችው።

«ከየቱ ልጀምር?» አለ።

«ከሰፋኸው።»